የማያጥር ኤሌክትሮድ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ቦታውን የሚረከበው ሌላ ሰው ነው። የእኔን ቦታ የተረከበው ጓጉንቸር ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብየዳ አሠልጣኝ ነበርኩ። የብየዳ ክፍሉ እንዲዘጋ ሲወሰን ወርክሾፑን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ለንብረት ክፍል አስረከብኩ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ጀሞ ኮንዶሚኒየሜ ገባሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አምስት ነው። ለጡረታ ገና ልጅ ነኝ፤ ለትዳር ደግሞ ሽማግሌ ልላክ ብል ሽማግሌዎቹ ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱበት ደረጃ ላይ ደርሻለሁ።

ዕድሜ ልኬን ብረትን ከብረት ሳጣብቅ ኖሬ ራሴን ከማንም ጋር ሳላጣብቅ ቀረሁ። ይህችን ቀልድ ቢያንስ መቶ ሺህ ጊዜ ተናግሬያታለሁ። ድሮ የሚስቅላት ሰው ነበር። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ለራሴ ስነግራት፣ መጨረሻዋን ስለማውቀው አልስቅም።

ብየዳ የተማርኩት ከጋሽ ወልዴ ነው። በወጣትነቴ የተቀጠርኩበት የመንግሥት ፋብሪካ የጥገና ክፍል አለቃ ነበሩ። አጭር ሰው ናቸው፤ እጃቸው ግን የሌላ ትልቅ ሰው እጅ በስህተት የተገጠመላቸው ይመስል ነበር። ሰላም ሲሉህ ጣቶችህን ቆጥረህ ነው የምትለያቸው። ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም። የሠራኸውን አገላብጠው አይተው «ይሁን» ካሉህ፣ ያን ቀን ማታ ሰፈር ደርሰህ ለሰው መጋበዝ ትችላለህ።

ጋሽ ወልዴ ብየዳን አያዩትም፣ ይሰሙታል። ምሳቸውን ሁልጊዜ ቆመው ነበር የሚበሉት፤ ያውም ጀርባቸውን ለበያጁ ሰጥተው። እየበሉ ድንገት ማኘካቸውን ያቆሙና «ፈለቀ፣ ያ ሰውዬ እየጠበሰ ነው ወይስ እየተጣላ?» ይሉኛል። በልኩ ርቀት የተያዘ ኤሌክትሮድ፣ ብረቱን የሚያጣብቀው ቀጭን የብየዳ ዘንግ፣ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ሳያቋርጥ በአንድ ድምፅ ይንጫጫል። ከብረቱ ሲርቅ ግን ድምፁ ይቀጥናል፣ ብልጭታውን ዙሪያውን ይተፋል፣ በመጨረሻ ጧ ብሎ ይጠፋል። እሳቸው ይህን ሁሉ በጆሯቸው ብቻ ለይተው፣ ሳይዞሩ፣ ጉርሻቸውን ሳይውጡ የሚበይደውን ሰው ስም ጠርተው ይሰድቡት ነበር። እኔ ሳጋንን፣ በእግሩ ኮቴ አንድ ሰው ትናንት ምን እንደበየደ ያውቃሉ እል ነበር። ብዙም አላጋነንኩም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ሌባ ጣታቸው ነው። ጀማሪ ሲበይድ ከኋላው ይቆሙና ክርኑን በጣታቸው ቀስ እያደረጉ ወደ ታች ይጫኑታል። ምንም አይናገሩም። ኤሌክትሮዱ ነድዶ እስኪያልቅ ጣታቸው ክርኑ ላይ ነው። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ዞር ስትል ጣቱ የለም፤ ያኔ በያጅ ሆነሃል ማለት ነው። እኔም አሠልጣኝ ስሆን ይህችው ጣት ወደ እጄ ተዛወረች። ለምን እንደምጫናቸው ጠይቆኝ የሚያውቅ ሠልጣኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ኤሌክትሮዶቹን አምፖል የሚበራበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያሳድሯቸዋል። እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ ብየዳውን ላዩን ቆንጆ አድርጎ ውስጡን ቀዳዳ ያደርገዋል፤ ቀዳዳውን የምታውቀው የበየድከው በር ሰው ላይ ሲወድቅ ነው። ሚስታቸው «እኔ በብርድ ስቀፈደድ እሱ ለብረት መብራት አብርቶ ይመጣል» ብለው ለጎረቤት ይከሷቸው እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

ፋብሪካው ሲዳከም ወደ ማስተማር ገባሁ። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ተመደብኩ። የዚያ አገር ብርድ ትናንት የበየድከውን ዛሬ መልሶ የሚፈታ ነው። አለቃዬ ስብሰባ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ስለ ስብሰባ ብዛት ስብሰባ ጠርተውን ያውቃሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዛውሬ አዲስ አበባ፣ አሁን የተዘጋብኝ ወርክሾፕ ገባሁ። ደመወዙን አላነሳውም፤ እሱም እኔን አንስቶኝ አያውቅም።

ስገባ ወርክሾፑ ሠርግ ቤት ነበር። ከውጭ የሚደገፍ ፕሮጀክት ነበረ፤ የመንግሥቱም በጀት አልነጠፈም። ሦስት አሠልጣኞች ነን። መሣሪያ የሚያድል አንድ ሰው አለ። ሠልጣኞቹ ለአንድ ማሽን ተራ ይጠብቁ ነበር። በእረፍት ሰዓት ጓሮ ካለችው ሻይ ቤት ብርጭቆ በትሪ ይመጣል፤ እኔ መሀል ቆሜ እዋሻለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። አንድ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ስበይድ ባቡሩ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ ብዬ ነግሬያቸው፣ አንዱ ሠልጣኝ አምኖ ለአባቱ ነግሮ፣ አባትየው ሊያመሰግኑኝ ኮሌጅ ድረስ መጥተዋል።

ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። ቀጥሎ በጀቱ ተቀነሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ተቀነሰ። እንዲህ ያለ ነገር እንደ ጎርፍ በአንዴ አይመጣም፤ እንደ ፀጉር ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የሚቆረጥ ላሜራ ቀረ፤ የተበየደውን ፈልጠን መልሰን እንበይዳለን። ቀጥሎ ጓንት ቀረ። የተሰበረ የማስክ መስታወት የሚተካ ጠፋ። የኤሌክትሮድ ጥያቄያችን «አላቂ ዕቃ» በሚባለው ረድፍ ላይ ነው የሚጻፈው፤ እነሱ ሳይገዙ አለቁ። ብየዳ ውድ ትምህርት ነው፤ ሌላው ትምህርት ጠመኔና ወንበር ካገኘ ይጓዛል፣ የእኛው በየቀኑ ብረትና መብራት ይበላል። ስለዚህ መቀነስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እኛ ሰሃን ላይ ያለው ነው።

ሰዎቹም አብረው ሄዱ። አንዱ አሠልጣኝ መርካቶ የብረት ሱቅ ከፈተ፤ ሁለተኛው ክፍለ ሀገር ተዛወረ። መሣሪያ አዳዩ ጡረታ ሲወጣ ቦታው ተሰረዘ። ምሳዬን ብቻዬን ወርክሾፕ ውስጥ መብላት ጀመርኩ። ብቻዬን ስል፣ ከእትዬ ጋር ማለቴ ነው። እትዬ አሮጌዋ የብየዳ ማሽን ናት፤ ስትበራ ቁርጥማት እንዳለባት ሴትዮ እህህ ስለምትል ያወጣሁላት ስም ነው። «እትዬ፣ ዛሬስ እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ። አብርቼ እህህታዋን ሰምቼ አጠፋታለሁ። ይህን የማደርገው ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ ነበር። ኋላ ኋላ ማረጋገጥም ተውኩ፤ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻው ዓመት አነስተኛ የሠልጣኞች ቡድን ደረሰኝ። ከመካከላቸው ጫልቱ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ላፍቶ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን በሚኖሩበት ቤት ጓሮ ጥቂት ከብት ይዘው ወተት ይሸጣሉ። መሬታቸው የነበረበት ሥፍራ ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የምኖርበትን ስነግራት የሕንፃውን ቁጥር ጠየቀችኝና ትንሽ አሰበች። «ቲቸር፣ እርስዎ የሚተኙት እኮ የእኛ ጤፍ አውድማ ላይ ነው» አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ስለሆንኩ ጤፉን ከላይ ነው የማየው አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጠር ያለ ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ያችን ቀልድ አልደገምኳትም።

ጫልቱ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። የተሽከርካሪ አካል የሚሠራ አንድ ፋብሪካ፣ የብቃት ምዘናውን አልፋ የምስክር ወረቀቷን ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ሰጥቷታል። አባቷ ግን ወተት ማከፋፈሉን እንድትይዝላቸው ነበር ሐሳባቸው። ምዘናውን ከወደቀች ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

የእኔ ጉዳይም እዚያው ምዘና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዲናችን ወይዘሮ አስቴር ቢሮዋ ጠርታኝ፣ በቀስታ፣ በሩን ዘግታ ነገረችኝ። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ ሰው ታከብራለች፤ ክፉ ዜና ስትናገር የራሷ ጥፋት ይመስል ብዕሯን ትነካካለች።

«ጋሽ ፈለቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሚታጠፉት ውስጥ ብየዳ አለበት። ልጆችዎ ምዘናውን ጥሩ አድርገው ካለፉ ይዤ የምከራከርበት ነገር አገኛለሁ። ካላለፉ ግን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?»

«ኤሌክትሮድ ይሰጠኝና የማያልፍ ካለ እኔን ይጣሉኝ» አልኳት።

ኤሌክትሮድ አልነበረም። በዓመቱ መጀመሪያ ከንብረት ክፍል ጥግ እርጥበት የበላው አንድ እሽግ አግኝተን፣ በአምፖል ሳጥን አድርቀን፣ ልጆቹ መለኮስና ጥቂት መስመር መጎተት ተለማምደውበት አለቀ። ለትብብር ሥልጠና የተቀበሏቸው ድርጅቶች ደግሞ ቀለም አስቀቧቸው፣ ብረት አሸከሟቸው፤ ኤሌክትሮዳቸውን ለጀማሪ አላባከኑም። አልፈርድባቸውም።

እኔ ግን ባዶ እጅ ቁጭ ማለት አልችልም። አንድ ጠዋት ጭራሮ ሰበሰብኩ። በኤሌክትሮድ ውፍረትና ቁመት ቀጥ አድርጌ ጠረብኩት። አሮጌ ላሜራ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ልጆቹ ጭራሮውን በብየዳ መያዣው ቆንጥጠው፣ በልኩ ማዕዘን አዘንብለው፣ ጫፉ ብረቱን ሳይነካ በመስመሩ ላይ ቀስ ብለው እንዲሄዱ አደረግኩ። እጃቸው መንቀጥቀጡን እስኪተው አስደጋገምኳቸው። ድምፅ ስለሌለው ደግሞ ድምፁን በአፋችን እንድንሠራው አዘዝኩ። እኩል ርቀት ከያዝክ «ጥዥዥዥ» ትላለህ፤ ጓደኛህ ስትርቅ ካየህ «ጧ» ይልብሃል፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ያ ወርክሾፕ ከስንት ዝምታ በኋላ እንደገና ጮኸ። የእባብ ማኅበር ነበር የምንመስለው። ልጆቹ በሳቅ እየፈረሱ ይለማመዱ ነበር። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉንም በልጣ የወጣችው ጫልቱ ናት። እጇ እንደ መርከብ መልሕቅ የቆመ ሆነ። ጭራሮዋ ከብረቱ በላይ በክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ቆማ ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፣ አንድ ጊዜም አትዛነፍም። በጋሽ ወልዴ ቋንቋ «ይሁን» አልኳት። ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሰጠኋት ስላላወቀች ጥዥዥዥ ማለቷን ቀጠለች።

በዚህ መሀል የሥልጠና ሁኔታን የሚገመግም ቡድን መጣ። በር ከፍተው ሲገቡ ክፍሉ ሁሉ ጥዥዥዥ እያለ ነው። የቡድኑ መሪ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉና ጋዝ ነው እንዴ የሚያፈተልከው ብለው ጠየቁ። እኔ ሰውየውን ማስክ አልብሼ፣ ጭራሮ አስይዤ አስሞከርኳቸው። ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እሳቸውም ጥዥዥዥ አሉ፤ ልጆቹ «ጧ» አሉባቸው። ሰውየው እንደ ልጅ ሳቁ። ፎቶ ተነሱ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእኔ ጭራሮ «ወጪ ቆጣቢ የሥልጠና ዘዴ» ተብሎ ምርጥ ተሞክሮ ሆነ። ሌሎች ኮሌጆች መጥተው እንዲያዩት ተባለ። የሰፈር ጭራሮ ሻጭ ብሆን ኖሮ ሀብታም ነበርኩ።

ምዘናው ሲቃረብ የኤሌክትሮድ ጥያቄዬን እንደገና አስገባሁ። ወይዘሮ አስቴር ጠራችኝ። ብዕሯን ስትነካካ ሳይ መልሱን አወቅኩት።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ላይ ድረስ ሄጄ ጠይቄ ነበር። ያለ ኤሌክትሮድ ማሠልጠን እንደሚቻል አሳይታችሁ የለም ወይ ተባልኩ።»

«ማነው ያሳየው?»

«እርስዎ ነዎት።»

እኔ ቀልድ ነው የሠራሁት፤ እነሱ በጀት አደረጉት።

የምዘናው ቀን ልጆቹን ይዤ ማዕከሉ ድረስ ሄድኩ። አሠልጣኝ ውስጥ አይገባም፤ ከግንቡ ውጭ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ «ቲቸር፣ አይፍሩ» አለችኝ። እኔን ማለቷ ነው። ውስጥ አዲስ ኤሌክትሮድ፣ አዲስ ላሜራ፣ የሚሠራ ማሽን አለ። ይህን ሁሉ አግኝተውማ ይወድቃሉ ብሎ ማን ያስባል።

ግንቡን ተደግፌ መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ ለኮሱ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ሁሉም። መጥበስ ጀመረ። ሽንኩርት ነው፣ ያውም የተዋጣለት። ለራሴ «ይሁን» አልኩ። ትንሽ ቆየና ድምፁ መቅጠን ጀመረ። ከአንዱ ክፍል ብቻ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከሁሉም ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ እየቀጠነ፣ እየተፋ፣ ጧ። እንደገና ለኮሱ፤ ትንሽ ጠበሰ፣ ቀጠነ፣ ጧ። ጎን ለጎን የተደረደሩ ክፍሎች፣ አንድ ዓይነት ስህተት፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት። አንድ ሰው ተሳሳተ ቢባል ልጁ ነው፤ ሁሉም እኩል ከተሳሳቱ የተማሩት ነው።

እዚያ ደረጃ ላይ ቀኝ እጄን ሳላውቀው አንስቼ ባዶ አየር መበየድ ጀመርኩ። ክንዴ ወደ ፊት ብቻ አልሄደም፤ ቀስ እያለ ወደ ታችም ወረደ። ያኔ ገባኝ። እውነተኛው ኤሌክትሮድ እየነደደ ያጥራል። ባጠረ ቁጥር እጅህን ወደ ብረቱ እያወረድክ ካልተከተልከው ርቀቱ ይሰፋል። ጋሽ ወልዴ ክርኔን ሲጫኑ የኖሩት ለዚህ ነበር። እኔም በተራዬ ስጫን የኖርኩት ለዚህ ነው፤ በቃል ግን አልተነገረኝም፣ በቃል አልተናገርኩትም። በጭራሮው ጊዜ ደግሞ ክርን የሚያስጫን ነገር ስላልነበረ ጣቴ ሥራ ፈትታ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ለወራት ያስጠናኋቸው እጅ ሳያወርዱ በአንድ ከፍታ መሄድን ነው። እጇ አንድ ጊዜም የማይዛነፈው ጫልቱ ከሁሉም ቀድማ ነበር ጧ ያለችው።

ሲወጡ ማንም ማንንም አላየም። የመዛኙን ፊት ማየት አላስፈለገኝም። ጫልቱ ጓንቷን እያወለቀች አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ላሜራዋ የዶሮ ኩስ የረገፈበት እንደሚመስል ነገረችኝ። እኔ ለማጽናናት አፌን ከፍቼ ቀልድ ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣም።

«ቲቸር፣ ጭራሮው እኮ አያጥርም ነበር» አለች።

«አያጥርም» አልኳት።

ሁለታችንም እጃችንን እያየን ቆየን።

ዳግም ምዘና የሚባል አለ። ቀኑ እስኪደርስ ጊዜ ነበረን፤ ኤሌክትሮድ አልነበረንም። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የበርና መስኮት ወርክሾፕ ያለው ከድር የሚባል የድሮ ሠልጣኜ አለ። ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ጭራሮው ጋ ስደርስ በሳቅ ወንበሩን ይዞ ተንበረከከ። ምዘናው ጋ ስደርስ ግን ተነስቶ ቆመ።

«ቲቸር፣ እሁድ ሠራተኛ የለኝም። ማሽኑም ብረቱም አለ። ኤሌክትሮድ የሥራዬን አልሰጥዎትም፣ ሠራተኞቼ ግማሹን አቃጥለው የሚጥሉትን ጉማጅ ግን በሙሉ አስቀምጥልዎታለሁ» አለኝ።

«ጉማጁ ይበቃናል። ማጠሩን ነው የምፈልገው» አልኩት።

እሁድ እሁድ ተገናኘን። ሁሉም አልመጡም፤ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጧል፣ አንዳንዱ የቀን ሥራ ይዟል። ጫልቱ የጠዋቱን ወተት አድላ ትመጣለች፤ እጇ ወተት ወተት ይሸታል፣ ከዚያ ጭስ ጭስ። በዚህ ጊዜ አፌን አላቆምኩም። «ወደ ፊት አንድ፣ ወደ ታች አንድ። እያጠረ ነው፣ ተከተይው፣ ተከተይው» እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ገደማ በጣቴ ስናገረው የኖርኩትን ነገር በምላሴ ስለው የሌላ ሰው ቋንቋ የምናገር ይመስለኝ ነበር። ከድር የሚሸጣቸውን በሮች ማጠፊያ አስበየደን፤ ገዢ አንድም በር አልመለሰም። ጥሩ መሥራታችንን ያወቅኩት ግን ከገዢው ሳይሆን ከጀርባዬ ነው። አንድ እሁድ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ሳምቡሳ ስበላ፣ ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት ሲጠበስ ሰማሁ፤ ማኘኬን ሳላቆም ጨረስኩት።

ዳግም ምዘናውን የመጡት ሁሉ አለፉ። አንድም አልቀረ። ጫልቱ ከማዕከሉ በር ሮጣ ወጥታ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ። እንዲህ ስለማጋንን አትመኑኝ ይሆናል፣ ግን እስካሁን እንደበለዘ ነው።

በማግስቱ ወደ ወይዘሮ አስቴር ቢሮ በረርኩ። ቁጭ በል ሳልባል ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ከልቧ ደስ አላት፤ ተነስታ እጄን ጨበጠችኝ። እየጨበጠችኝ ግን በሌላ እጇ ብዕሯን ፈለገች።

«በመጀመሪያው ውጤት ነው የወሰኑት፣ ጋሽ ፈለቀ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ጸድቋል። ያሁኑን ትናንት ሰምቼ ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄጄ ነበር፤ በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ በሏቸው አሉኝ።»

«በርቱ? ለማን ነው በርቱ?»

ሌላ ትምህርት ክፍል ውስጥ ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት እንዳስተምር ልታመቻችልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። አስቤ ነበር። ጠረጴዛና ወንበር ያለው ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ እሳት ለማይነካ ሰው ስለ እሳት ሳወራ ራሴን አየሁት። ዕድሜዬም አገልግሎቴም ከጊዜው ቀድሞ ጡረታ ለመጠየቅ ይበቃ ነበር፤ ጠየቅኩ።

ማሽኖቹን የሚወስድ አይሱዙ ሲመጣ ርክክብ ላይ ቆሜ ነበር። እትዬን አራት ሰው ሆነው አነሷት። አንደኛው ጫኝ ይህች አሮጊት ምን በልታ ነው ብሎ ተነጫነጨ። ስሟን ሳልነግረው አሮጊት ማለቱ ገረመኝ። ከዚያ ወርክሾፑ ባዶ ሆነ። ባዶ ቤት ውስጥ ማሳል ይከብዳል፤ ሳልህ ተመልሶ መጥቶ ማን ነው ብሎ ይጠይቅሃል።

መሸኛ ተዘጋጀልኝ። ለስላሳ፣ ኬክ፣ ጋቢ። ከሁሉም ክፍል ሰው መጣ፤ አብዛኞቹ አዲስ የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው፣ በአክብሮት ተነስተው አስቀመጡኝ። ንግግር አድርግ ተባልኩ። የባቡሩን ታሪክ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ቆሞ ስለጠበቀኝ ባቡር። አንዲት ልጅ ቀልድ መሆኑ ሳይገባት «ይቅርታ ጋሼ፣ የትኛው መስመር ነው?» አለችኝ። የልጁን አባት መምጣት፣ ያኔ የመሣሪያ አዳዩን በሳቅ መንከትከት፣ ትሪው ላይ ሻዩ መደፋቱን የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ቀልድም ለካ ብየዳ ነው፤ ሌላኛው ብረት ከሌለ የምታጣብቀው የለህም። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ኬኩ ጥሩ ነበር።

ጫልቱ ፋብሪካው ገብታለች። ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። አንደኛው ጊዜ ከራስ በላይ ስለሚበየድ ብየዳ ልትጠይቀኝ ነበር፤ ከሚያስፈልጋት በላይ ረጅም መልስ ሰጠኋት፣ አለቃዋ ሲጠራት ሰማሁ፣ እሷ ግን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሌሎቹ በየሥራቸው ተበትነዋል። የእነሱን ቦታ ሊይዝ የሚመዘገብ ልጅ ዘንድሮ ሲመጣ በሩ ላይ ያንን ጓጉንቸር ነው የሚያገኘው።

እኔ እሁድ እሁድ አሁንም ወደ ከድር ወርክሾፕ እሄዳለሁ። ቁልፍ ሰጥቶኛል፤ እሱም ሠራተኞቹም አይገቡም። ባለፈው እሁድ የአንድ የፎቃችን ሰው የመስኮት ፍርግርግ ተበጥሶ ይዤው ሄድኩ። ብየዳ ከመለኮስህ በፊት ዙሪያህ ላለው ሰው ብርሃኑ እንዳይመታው «ዓይን!» ትላለህ፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። ፍርግርጉን አሰርኩ፣ ጉማጁን ቆነጠጥኩ፣ ማስኩን አወረድኩ።

«ዓይን» አልኩ ለባዶው ወርክሾፕ። ፊታቸውን እስኪያዞሩ የሚበቃውን ያህል ጠበቅኩና ለኮስኩ።